ደወል የሌላቸው ብስክሌቶች

የወዛደሮችን ቀን የብስክሌት ውድድር ያመጣብን ጓድ ደሞዝ ራሱ ብስክሌት መንዳት አይችልም። አንድ ቀን ሱቄ በር ላይ አንዷን ይዞ ልሞክር ብሎ፣ በአንድ እግሩ ፔዳል በሌላው አፈር እየረገጠ እስከ አህያ ማሰሪያው ድረስ ሄደና እዚያው ተጋደመ። የሳቀ ሰው አልነበረም። በዚያ ዘመን በካድሬ የሚሳቀው ቤት ተገብቶ በር ተዘግቶ ነው። እኔም የብሎን መፍቻ ክያቤዬን እንደያዝኩ አቧራውን አራገፍኩለት።

ስሜ አዛናው ነው። ገንዳ ውሃ ላይ ከሱዳን በኩል የሚመጡ አሮጌ ብስክሌቶችን እጠግን ነበር፤ የድንበሩ ሰው ዐጀላ ይላቸዋል። ሙያውን የተማርኩት ጎንደር ከተማ ነው። ቆላ የወረድኩት ባንቺአየሁን ስላገባሁ ነው፤ እሷ የመተማ ልጅ ናት፣ የደጋውን ብርድ አልቻለችውም። ሰው ቆላውን የሚፈራው ለሙቀቱና ለወባው ነው። ብስክሌት የሚፈራው የቁርቁራ እሾህ ነው። ጎማ ውስጥ ገብቶ ይሰበርና አንዱን ቀዳዳ ስትደፍን በሌላ በኩል ይወጋል። ማስቲሹ ደግሞ በፀሐዩ ስለሚቀልጥ፣ የተለጠፈው ቁራጭ እስኪይዝ ድረስ እርጥብ ጨርቅ ጠምጥሜ ጥላ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። የመጣው ሁሉ ቶሎ በል ይለኛል። ማስቲሽ ግን ቶሎ በል አይሰማም።

ባንቺአየሁ በአንድ የገበያ ቀን ሽንኩርት ልትሸጥ ከድንበሩ ማዶ ወዳለችው ጋላባት ተሻገረች፤ ልጃችን ሀብትነሽ ገና ጡት አልጣለችምና በጀርባዋ አዝላት ነበር። ከሰዓት በኋላ ከማዶ ተኩስ ተሰማ ተባለና ድንበሩ ተዘጋ። በማግስቱ በሱዳን በኩል የቀረ ሁሉ ከድቷል ተባለ። ሽንኩርት ሊሸጥ የሄደ ሰው ምን ይከዳል? ግን ተባለ። ብትመለስ እስር ቤት ናት፤ እኔ ብሄድ ደግሞ የከዳተኛ ተከታይ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ድንበሩ ላይ ወዳለችው መተማ ዮሐንስ የሚያሳልፍ የይለፍ ወረቀት ተከለከልኩ። ጠዋት ተነስቶ ለምሳ የሚደረስበት አገር ለእኔ ከባሕር ማዶ ራቀ። ልጄ መቆም ጀመረች ሲሉኝ፣ መሄድ ጀመረች ሲሉኝ፣ አፍ ፈታች ሲሉኝ በሰው አፍ እየሰማሁ ብስክሌት ስጠግን ኖርኩ።

ወሬውን የሚያመጡልኝ እትዬ ሁሪያ ነበሩ፤ የጎረቤቴ የሐጅ ኸሊል ባለቤት። ሐጅ ኸሊል ስኳር፣ ክርና ብረት ድስት ይሸጣሉ፤ ከጋላባት ነጋዴዎች ጋር በአማችም በንግድም የተሳሰሩ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። አንድ ጊዜ ገበያ ውስጥ የበቆሎ ጆንያ የተሸከመ ሰው ገፍቶ ጣላቸውና፣ «እኔስ እንደ ዐጀላ ደወል ቢኖረኝ ነበር የሚሻለኝ» ብለው ሲስቁ ሰማሁ። በማግስቱ ከዘራቸው አናት ላይ አንድ የብስክሌት ደወል በሁለት ብሎን አሰርኩላቸው። ቀልዴን ነበር። እሳቸው ግን የምራቸውን ያዙት፤ ከዚያ ወዲያ ቂሊል ቂሊል እያደረጉ ገበያውን ሲሰነጥቁት ሕፃናት ከኋላ ከኋላቸው ይከተላሉ። እኔም ድምፁን ስሰማ ሻዩን እጥዳለሁ።

ውድድሩ ከገንዳ ውሃ ተነስቶ መተማ ዮሐንስ ደርሶ የሚመለስ ነው ተባለ። መዞሪያው ኾሩ ዳር የሚቆም በርሜል ነው። ኾር የምንለው ክረምት የሚሞላ፣ በጋ አሸዋ ብቻ የሚሆን ወንዝ ነው። ከኾሩ ወዲህ ኢትዮጵያ፣ ከኾሩ ወዲያ ሱዳን።

እትዬ ሁሪያ ይህን እንደሰሙ መልእክት ልከው ኖሯል። አንድ ቀን ስኳር የሚሸጡልኝ መስለው ጠጋ አሉና፣ «ባንቺ ለወዛደሮች ቀን ትመጣለች። ከማዶ ካለው ከትልቁ ግራር ሥር ትቆማለች፤ ልጅቱንም ትይዛለች» አሉኝ። ስኳሩን ሳልከፍል ይዤ ወጣሁ። ሱቄ ገብቼ ብቻዬን አለቀስኩ፤ ምን አፍራለሁ፣ አለቀስኩ። እንባዬን ስጨርስ ቆርጬ ነበር። በርሜሉ ጋ መካኒክ ሆኜ እቆማለሁ፤ ሰው ሁሉ ብስክሌት ሲያይ እኔ ኾሩን እሻገራለሁ።

የቀረው የይለፍ ወረቀት ነው፤ ወረቀት ያለ ዋስ አይሰጥም። ዋስ ማለት እንግዲህ፣ ሂያጁ ካልተመለሰ በእሱ ቦታ የሚታሰር ሰው ነው። አሰፋች የምትባል ጠላ ሻጭ ለአንድ የመኪና ረዳት ዋስ ሆና ልጁ ተሻገረባት። ክረምቱን ሙሉ እህል ማከማቻው ውስጥ ዘጉባት። እያሳላት ወጣች፤ መስቀልን ሳታይ ቀበርናት። ከዚያ ወዲህ ዋስ ሁነኝ የሚባል ሰው ፊቱን ያዞራል።

ሐጅ ኸሊል ግን አላዞሩም። ጠየቅኳቸው፤ ከዘራቸውን አንስተው «ያላ፣ እንሂድ» አሉኝ።

ጓድ ደሞዝ ጠረጴዛው ላይ ክርኑን ጥሎ ሁለታችንንም ከላይ እስከ ታች አየን። «መዞሪያው ላይ መካኒክ ያስፈልገኛል፤ ይህ እውነት ነው» አለኝ። «አንተ ግን ሚስትህ ወዲያ ናት። የሚዋስህ ሰው አለ?»

«እኔ አለሁ» አሉ ሐጁ። «ከዋስትናው ጋር ለእኔም ለሽንፋ አንድ የይለፍ ወረቀት ይጻፍልኝ፤ እኔና ሁሪያ ለእህቴ ልጅ ለመጂዳ ሰርግ እንሄዳለን።»

«የእርስዎስ ዋስ ማነው?»

ሐጁ ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። «እኔ ነኛ!» አልኩ።

ጓድ ደሞዝ ሳቀ። «ዕውር ዕውርን ቢመራው አሉ! ይሁን። አንዳችሁ ብትጠፉ ሌላችሁን አገኛለሁ።» ፈረምን። ሐጁ ወረቀቱን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው፣ እኔ እጄ ግራሶ እንደነካው።

ከቢሮው ስንወጣ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ ይሉኝታ ዘጋብኝ። ለእኔ ሲል በፈረመ ሽማግሌ ፊት «ጥዬዎት ልጠፋ ነው» እንዴት ተብሎ ይነገራል? ደግሞ ያላወቁትን አይናገሩም፤ ቢገርፏቸውም ምንም አያውቁም አልኩ። እሳቸውም ምንም አላሉኝም። ሱቃቸው በር ላይ ግን እጄን ጨብጠው ቶሎ አልለቀቁኝም። «አላህ ያገናኘን» አሉ። ለሳምንት ሰርግ ለሚሄድ ሰው በዛ ብሎ ታየኝ፤ እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። በማግስቱ በሰሊጥ እርሻው ትራክተር ተሳፍረው ሄዱ፤ እትዬ ሁሪያ ዞረው ዞረው ያዩኝ ነበር።

እኔ ወደ ሥራዬ ገባሁ። ብስክሌቶቹ ከባለቤቶቻቸው በትእዛዝ ተሰብስበው ሱቄ በር ላይ ተከመሩ። የአንዱ ቸርኬ ተጣሟል፣ የአንዱ ራጂ፣ የቸርኬው ሽቦ፣ ተበጥሷል፣ አንዷ ኮርቻ የላትም። በዚያ ላይ ዋናውን መንገድ የወታደር መኪና ስለያዘው ጓድ ደሞዝ ውድድሩን በሰሊጡ ማሳ መሐልና በድንጋያማው ኮረብታ ላይ በሚያልፈው የእግር መንገድ አዞረው። ፍየል ተጠንቅቃ በምትሄድበት በብስክሌት ውረዱ አለ። እኔ ምን ገዶኝ፣ የሚነዳው እኔ አይደለሁ! በድንጋይ ላይ የሚንቀጫቀጨውን ሁሉ ፈታሁ፤ ጭቃ መከላከያውን፣ የዕቃ መጫኛውን፣ መብራቱን፣ ደወሉን። ደወሎቹን በአንድ ከረጢት ከትቼ ግድግዳው ላይ ሰቀልኳቸው። ውስጡ ተበሳስቶ የማይደፈን ጎማ የነበራቸውን ደግሞ ደረቅ ሣር ጠቅጥቄ ሞላኋቸው፤ ሣር እሾህ አይፈራም።

ከተወዳዳሪዎቹ ከሥሬ የማይጠፋው ይርዳው ነበር። ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም ወርዶ በዚያው የቀረ ጎበዝ ነው። ያሸነፈ ለስፖርት ጎንደር ይላካል፣ ከብሔራዊ ውትድርናም ይተርፋል ተብሎ ተወርቶ ነበርና እንቅልፍ አጥቷል።

«እንደው ጋሸ አዛናው፣ ካቴናዋ ትበጠስብኝ ይሆን?» ይለኛል።

«እሷስ አርጅታለች። ዳገቱ ላይ ተነስተህ አትርገጣት።»

«ተነስቸ ካልረገጥሁማ በምን ላሸንፍ?»

እውነቱን ነው። እሱም እንደ እኔ አንዲት መውጫ ቀዳዳ አይቷል።

በየምሽቱ ከራሴ ጋር ስሟገት ከረምኩ። ሐጁ ሽማግሌ ናቸው፣ አይነኳቸውም እላለሁ፤ አሰፋች ትመጣብኛለች። ልጄስ? እላለሁ፤ ሐጁ ወረቀቱን አስጠግተው ሲፈርሙ ይታየኛል። በመጨረሻ ልጄ በለጠች። የውድድሩ ቀን ሲነጋ የመሣሪያ ሳጥኔን ይዤ የጭነት መኪናው ላይ ወጣሁ።

በርሜሉን ቀይ ቀለም ቀብተውታል። ሁለት ሚሊሻዎች ጠመንጃቸውን ተደግፈው ላባቸውን ይጠርጋሉ። የሚያዝያ ፀሐይ ኾሩ ላይ ወርዶ አሸዋው ይንቀለቀላል፤ ከማዶ ያለው ሰውም ዛፉም ውኃ ውስጥ እንዳለ ይርገበገባል። ያም ሆኖ ባንቺአየሁን ለየኋት። ስትቆም አንድ እጇን ወገቧ ላይ የምታደርገው ነገር አላት፤ ከሺህ ሴት መሐል አውቀዋለሁ። ከጎኗ ልጅ ቆማለች። ታዝላ የሄደችው ልጄ የእናቷ ወገብ ደርሳለች። ሳጥኔ ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ሰውየውን አየሁት። ነጭ ጀለቢያ የለበሰ፣ ራሱ ላይ ነጭ የጠመጠመ ሱዳናዊ ከባንቺ ጎን ጥላው ውስጥ ቆሟል። ሀብትነሽን እጇን የያዘው እሱ ነው። ደሜ ፈላ። አገባች! አልኩ። እኔ እዚህ እንባዬን እየጠጣሁ እሷ ባለ ጀለቢያ አግብታለች፤ ባሏን ልታሳየኝ ነው ያመጣችው! ደግሞ መልሼ፣ ብታገባስ ምን ታድርግ፣ ማን ያብላት? አልኩ። ደግሞ መልሼ ተናደድኩ። ሰውየው በትሩን ወደ እኔ ከፍ አድርጎ ወዘወዘ። ሂድ፣ ድርሽ እንዳትል የሚለኝ መሰለኝ።

«መጡ! መጡ!» የሚል ጩኸት ተነሳ። የመጀመሪያዎቹ ብስክሌቶች ከኮረብታው አቧራ ውስጥ ወጡ። ሰው እየተጋፋ ወደ በርሜሉ ሮጠ፤ ሚሊሻዎቹም አብረው ሮጡ። እኔ ባሰብኩት ልክ ሆነ። ኾሩ ባዶውን ቀረ።

ተነሳሁና ፒንሳዬን በእጄ እንደያዝኩ አሸዋው ላይ ወረድኩ። ጫማዬ ሰመጠ። ባለ ጀለቢያም ቢሆን፣ ማንም ቢሆን፣ ልጄን ከእጁ እቀበላለሁ አልኩ። ባንቺ አየችኝ፤ ሀብትነሽን ከሰውየው ተቀብላ ወደ ኾሩ አፋፍ ወረደች። ፊቷን ልለየው ምንም አልቀረኝም። እዚያ ላይ ሐጅ ኸሊል ትዝ አሉኝ። ከሰርጉ ሲመለሱ ጓድ ደሞዝ በር ላይ ሲቀበላቸው፣ እህል ማከማቻው ሲከፈት፣ ዓይናቸው የደከመ ሰው በጨለማ ግድግዳ ሲዳስሱ ታየኝ። እግሬ ከበደኝ። ቆምኩ አልልም፤ ግን ዘገየሁ።

ያኔ ደወሉ ተደወለ። ቂሊል ቂሊል፣ ደጋግሞ፣ የቸኮለ ሰው ደወል። በዚያ ሁካታ መሐል ከየት እንደመጣ ማን ይለያል? ብስክሌት ከኋላዬ የደረሰ መሰለኝና፣ የሠላሳ ዓመት ልማድ ነው፣ ዞርኩ።

ዕውነትም ይርዳው ብስክሌቱን እየገፋ በሩጫ ይመጣል፤ ካቴናው መሬት ለመሬት ይጎተታል። «ጋሸ አዛናው! ተበጠሰች! ድረስልኝ!»

እሱ ሲጮህ አንደኛው ሚሊሻ ዘወር አለ። «አንተ! እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«ሽንቴን» አልኩት።

«ሽንትህን ሱዳን ድረስ ትሸናለህ? ና ውጣ!»

ወጣሁ። መሮጥ እችል ነበር፤ ሚሊሻው ጠመንጃውን ገና ከትከሻው አላወረደም። ግን ሐጁ እግሬን ይዘውኛል፣ ይርዳው ደግሞ እያለቀሰ ብስክሌቱን ፊቴ ገልብጦ አቁሟል። ጀርባዬን ለልጄ ሰጥቼ ተንበረከክሁ። የተሰበረችውን ቁራጭ በምስማር መትቼ አወጣሁ፣ ካቴናውን በአንድ ቀለበት አሳጠርኩ፣ ፒኑን መልሼ ድንጋይ ላይ አስደግፌ ቀጠቀጥኩት። እጄ ሥራውን ያውቃል፤ እኔ እዚያ አልነበርኩም። ደወሉ አሁንም አሁንም ይሰማኛል። ምን ያስጮሃቸዋል እነዚህ፣ አርፈው አይነዱም! ብዬ በተወዳዳሪዎቹ ተናደድኩ።

ይርዳው ዘሎ ወጥቶ ሲፈተለክ ቀና አልኩ። ሚሊሻዎቹ ቦታቸው ተመልሰዋል። ከማዶ ባንቺአየሁ አሸዋው ላይ ተቀምጣለች፤ ሀብትነሽ ቆማ ታየኛለች። ባለ ጀለቢያው በትሩን ወደ ታች አድርጎ እንደ ግንድ ቀጥ ብሏል። እስኪመሽ እዚያው እንደነበሩ በኋላ ሰማሁ። እኔን በጊዜ መኪና ላይ ጫኑኝ።

መንገዱን ሙሉ ራሴን ሳጽናና መጣሁ። ሰው በሰው አይጨክንም፣ ያደረግኸው ደግ ነው አልኩ። ነገ ሐጁ ከሰርጉ ይመለሳሉ፤ ደወላቸውን ስሰማ ሻይ እጥዳለሁ፣ ለእሳቸው ብዬ ምን እንደተውኩ እነግራቸዋለሁ፤ ያለቅሱልኛል አልኩ። እውነቱን ለመናገር በራሴ ኮርቼ ነበር። ይርዳው ሦስተኛ እንደወጣ ገንዳ ውሃ ስንደርስ ነገሩኝ። ለሦስተኛ የተሰጠው የአንገት ፎጣ ነው።

ጓድ ደሞዝ ሱቄ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከጎኑ ሚሊሻ አለ።

«ሐጁ የት ናቸው?» አለኝ።

«ሽንፋ ናቸዋ፤ ሰርግ።»

«ሽንፋ አልደረሱም። መጂዳ ካገባች ዓመት ሆኗታል፤ ምን ሰርግ አለ! ትራክተሩ ጫካው ዳር አውርዷቸዋል፤ ባልና ሚስት ተሻግረዋል።» ጣቱን ደረቴ ላይ ተከለ። «ዋሳቸው አንተ ነህ።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ሸጡኝ! አልኩ። ለእሳቸው ብዬ ልጄን ጥዬ ስመለስ፣ እሳቸው እኔን አስይዘው ሄደዋል። በጎረቤቴ በሐጅ ኸሊል ጢም ላይ የማይነገር ነገር በልቤ ተናገርኩ።

«አሁን እንዳትወስደው» አለ ጓድ ደሞዝ ለሚሊሻው። «ብስክሌቶቹን ሰው ነገ በጠዋት ይፈልጋል። እንደነበሩ አድርጎ ገጣጥሞ ያስረክብ፤ ከዚያ ወደ ማከማቻው ታስገባዋለህ።»

ሚሊሻው ሳጥኔ ላይ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ከረጢቱን ከግድግዳው አውርጄ ደወሎቹን መሬት ላይ ዘረገፍኩ። የመጀመሪያውን አንስቼ በይርዳው ብስክሌት መሪ ላይ አሰርኩት፤ ብሎኑን አጠበቅኩ፤ መካኒክ ሁሉ እንደሚያደርገው ይሠራ እንደሆን በአውራ ጣቴ መታ አደረግኩት።

ቂሊል።

እጄ እዚያው ቀረ። ይርዳው ኾሩ ዳር ሲመጣ ብስክሌቱ ደወል አልነበራትም። የማናቸውም አልነበራቸውም። በገዛ እጄ ፈትቼ ከረጢት ውስጥ የከተትኳቸው እኔ ነኝ፤ ሁሉም ይኸው እግሬ ሥር ናቸው።

በመተማ ምድር በከዘራ ላይ ደወል ያሰረ አንድ ሰው ብቻ ነው። ነጩ ጀለቢያ፣ ጥምጣሙ፣ የተወዘወዘው በትር፣ የልጄን እጅ የያዘው እጅ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ፊቴ መጣ። ሐጁ ልሄድ እንደሆነ አውቀዋል፤ ሳልነግራቸው አውቀዋል። እሳቸውን እያሰብኩ እግሬ እንዳይታሰር ቀድመው ሄደው፣ የሚታሰር ሰው እንዳይቀር ቤታቸውን ሱቃቸውን ዘግተው፣ ከማዶ ቆመው ጠበቁኝ። ሁለታችንም ብንሻገር ጓድ ደሞዝ የሚያገኘው ሰው አልነበረም። አፍ አውጥተው አልነገሩኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ከሩቅ መለየት ሲያቅተኝ ደወሉን ደወሉ። ና! ሲሉኝ ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

«ምነው ቆምክ?» አለኝ ሚሊሻው።

ቀጣዩን ደወል አንስቼ በቀጣዩ ብስክሌት ላይ አሰርኩ። ብሎኑን አጠበቅኩ። አልመታሁትም።

«ይኸኛው አይሞከርም እንዴ?»

«ይሠራል» አልኩት። «ከማዶ ድረስ ይሰማል።»